ጂ1000ን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መማር

«አይኤልኤስ ሃያ ሦስትን ጠብቂ» አለችኝ የራዳር ተቆጣጣሪዋ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ 3000 ጫማ ላይ ነን። ለልምምድ ውጭውን የሚከልል መነጽር አድርጌያለሁ፤ ጂ1000 ከሚባለው፣ የበረራ መሳሪያዎቹን በስክሪን ከሚያሳየው ሥርዓት ሁለት ስክሪኖች በቀር የሚታየኝ ነገር የለም። አይኤልኤስ ከመሬት በሚላክ የሬዲዮ ምልክት ወደ ማረፊያው የሚመራ ዘዴ ነው፤ ሃያ ሦስት የማረፊያው መስመር ቁጥር ነው። እኔ ግን በጂፒኤስ ለማረፍ ሁሉንም አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር፤ አሁን ያንን አፍርሼ ሌላ ማስገባት አለብኝ።

ሥራው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። የአፕሮች፣ ማለትም ወደ ማረፊያው የመቅረቢያ መንገዶችን ዝርዝር መክፈት፣ አይኤልኤሱን መምረጥ፣ ማስገባት፣ ፍሪኩዌንሲው መግባቱን ማየት፣ መርፌውን ከጂፒኤስ ወደ ሎካላይዘር፣ ወደ አይኤልኤሱ የአቅጣጫ ምልክት፣ መቀየር። እኔ ግን ትንሿን ማዞሪያ ላዞር ብዬ ትልቋን አዞርኩ። ጠቋሚው ወደማላውቀው ሳጥን ዘለለ። ለመመለስ «ክሊር» የሚለውን ስጫን ገጹ ከነአካቴው ተዘጋ። እንደገና ከፈትኩት፤ እንደገና ተሳሳትኩ። በዚህ ሁሉ መሐል እጄ መሪውን ይዟል፤ ልቤ ግን ከአውሮፕላኑ ጋር አልነበረም። አስተማሪዬ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ከፍታ!» ቀና ስል 260 ጫማ ወርደናል፤ አፍንጫችንም ከታዘዝኩት አቅጣጫ 25 ዲግሪ ወደ ግራ ሄዷል።

ካረፍን በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ሆብስ የሚባለው ቆጣሪ 1.6 ሰዓት ይላል። አውሮፕላኑን የምከራየው በሰዓት 195 ዶላር ነው፤ የአስተማሪው ለብቻው ይከፈላል። ከዚያ 1.6 ሰዓት ውስጥ ስንቱን በረርኩ፣ ስንቱንስ ቁልፍ ስፈልግ አጠፋሁት ብዬ ሳስብ እንባዬ መጣ። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ የማገኘው ገንዘብ ነው። አስተማሪዬ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «መብረሩን ታውቂበታለሽ። ይሄን ሳጥን ግን አየር ላይ አትማሪውም። ቤትሽ ተማሪው፤ ከዚያ እንበራለን» አለኝ።

ይህን የምጽፈው እሱ ያለኝን አድርጌ ስላየሁት ነው። ከእኔ በኋላ ለሚጀምሩ፣ በተለይ ገንዘባቸውን ቆጥረው ለሚበሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የግል አብራሪነት ፈቃዴን ያገኘሁት ባረጀ ሴስና 172 ነው። ከፊት ለፊት ስድስት ክብ መሳሪያዎች አሉት፦ ፍጥነት፣ አድማስ፣ ከፍታ፣ መዞር፣ አቅጣጫ፣ መውጣትና መውረድ። እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ ቦታውንም አይለቅም። ከአርባ ሰዓት በረራ በኋላ ዓይኔ ሳላዘው ይሄድበት ነበር። ደመና ውስጥ በመሳሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለውን ፈቃድ ለመማር ስመዘገብ ግን የተሰጠኝ አውሮፕላን የጋርሚን ጂ1000 የተገጠመለት 172 ሆነ። ክንፉ ያው፣ ሞተሩ ያው፣ በሩን ስዘጋው የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያው ነው። ውስጡ ግን ሌላ ቤት ነው።

ሁለት ባለ 10.4 ኢንች ስክሪኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በግራው ላይ አድማሱ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ፍጥነቱ በግራ፣ ከፍታው በቀኝ እንደ ሜትር ጥብጣብ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከሥር የአቅጣጫው ክብ አለ። የቀኙ ካርታና የሞተሩን ሁኔታ ያሳያል። ከእያንዳንዱ ስክሪን ሥር 12 ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ቁልፎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ስማቸው ከበላያቸው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ አንዱን ስትጫኑት የሌሎቹም ስም ይቀየራል። ለእኔ ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ክብ መሳሪያ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም፤ የስክሪኑ ነገር ግን ማውጫ ውስጥ ሌላ ማውጫ፣ እሱም ውስጥ ሌላ አለው። መንገዱን ካላወቁት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ የሚፈልጉት ነገር በሌለበት ገጽ ላይ እየዞሩ ጊዜው ያልፋል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ2002 እስከ 2006 ድረስ የተመረቱ ከ8000 በላይ ባለ አንድ ሞተር ትናንሽ አውሮፕላኖችን፣ ባለ ስክሪኖቹን ከባለ ክብ መሳሪያዎቹ ጋር አነጻጸረ። ባለ ስክሪኖቹ የደረሰባቸው አደጋ በጠቅላላው ሲታይ ያነሰ ነበር፤ ሰው የሞተበት አደጋ መጠን ግን በእነሱ የበዛ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ምክንያት ባለ ስክሪኖቹ ረጅም መንገድና መጥፎ አየር ላይ የሚበሩ መሆናቸው ነው። ሌላው ግን ሥልጠናው ነው። ቦርዱ ለበረራ ባለሥልጣኑ ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ የእያንዳንዱን ማሳያ አሠራር የሚያስተምሩ የኮምፒውተር ሲሙሌተሮች በምን ዓይነት መንገድ ጥቅም ላይ እንደሚውሉ መመሪያ እንዲወጣ ነበር። እነዚህ ሙሉ የበረራ ሲሙሌተር ተብለው ያልጸደቁ፣ ሎግቡክ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ የማያስመዘግቡ ናቸው። እንደዚያም ሆነው ያስፈልጋሉ ተባለ። ያንን ሳነብ አስተማሪዬን በልቤ አመሰገንኩት።

ምን ያስፈልጋል ለሚለኝ፦ ጋርሚን ራሱ ለየአውሮፕላኑ ዓይነት ያዘጋጀው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለ። ኤክስ-ፕሌን የሚባለው ሲሙሌተር ከ11ኛው ስሪቱ ጀምሮ ጂ1000 ያለው ሴስና 172 ይዞ ይመጣል። የማይክሮሶፍቱ የ2020 ሲሙሌተርም አለው። ገንዘብ ለሌለው ፍላይትጊር ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ከእነዚህ አንዱን ባለኝ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ፤ ሁለተኛ ስክሪን ከጓደኛዬ ተውሼ ጎን ለጎን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። ከሥራ የምገባው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቡና እጥዳለሁ፤ እስኪፈላ ድረስ ሃያ ደቂቃ እቀመጥበታለሁ። ከሃያ ደቂቃ አላልፍም፤ ሌሊቱን ለቆመ ሰው ከዚያ በላይ አእምሮ አይቀበልም።

መጀመሪያ የተማርኩት መብረር እንደማያስፈልግ ነው። ሲሙሌተሩ ውስጥ መነሳትና ማረፍ ደስ ይላል፤ ግን ለእኔ ጊዜ ማባከን ነበር። አውሮፕላኑን 3000 ጫማ ላይ አስቀምጬ፣ አውቶፓይለቱን አብርቼ፣ አንድ ሥራ ብቻ እይዛለሁ። ለምሳሌ ያንኑ ያስለቀሰኝን፦ የጂፒኤስ አፕሮችን አጥፍቶ አይኤልኤስ ማስገባት። በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ፈጀብኝ። ተቀምጬ፣ ቡና ይዤ፣ ማንም ሳይጮህብኝ! አየር ላይ ለምን እንደጠፋሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ። «ፕሮሲጀር። አፕሮች ምረጪ። ትንሿን አዙሪ። አይኤልኤስ ሃያ ሦስት። አስገቢ። ቬክተር። አስገቢ። ጫኚ።» ጎረቤቴ በግድግዳው ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አምስት ሰከንድ ደረስኩ። ሰከንዱ ቢያስደስተኝም፣ ይበልጥ ያስደነቀኝ ሥራውን ማቋረጥ መቻሌ ነው። ሁለት ነገር ተጭኜ፣ ዓይኔን ወደ አድማሱ መልሼ፣ ከፍታውን አይቼ፣ ከዚያ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። መንገዱን የማያውቅ ሰው መሐል ላይ ማቆም አይችልም፤ ከቆመ የት እንደነበር ይጠፋዋል። ስለዚህ እስኪጨርስ ድረስ አንገቱን ቀና አያደርግም። ያን ቀን እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ስለ ማዞሪያዋ ትንሽ ልበል። በስክሪኑ ቀኝ ታች ጥግ ያለችው ማዞሪያ በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ናት፤ ከሥር ሰፊዋ፣ ከላይ ጠባቧ። ሰፊዋ ከሳጥን ወደ ሳጥን ትወስዳለች፤ ጠባቧ ሳጥኑ ውስጥ ፊደሉን ትቀይራለች፤ ስትጫን ደግሞ ጠቋሚውን ታበራለች ወይም ታጠፋለች። በማውስ ይህን መማር አይቻልም፤ ጣት የሚማረው በጣት ነው። ከኢንተርኔት ባለ ድርብ ማዞሪያ ገዝቼ ከቁራጭ እንጨት ላይ ሰክቼ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁት። ከሠላሳ ዶላር በታች ነው የወጣበት። ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ይህ እንጨት ነው ብዙ የጠቀመኝ።

ሌላው የቀለም ነገር ነው። የአቅጣጫው መርፌ ከጂፒኤስ ሲመራ ሐምራዊ ነው፤ ከመሬት ሬዲዮ፣ ማለትም ከቪኦአር ወይም ከሎካላይዘር ሲመራ አረንጓዴ ይሆናል። አይኤልኤስ እየወረዱ መርፌው ሐምራዊ ከሆነ የሚከተሉት ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። መርፌው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ያምራል፤ ቀለሙ ግን ስህተት ነው። ይህን ጠረጴዛው ላይ ሆነ ብዬ አሥር ጊዜ ተሳሳትኩት። እየተሳሳትኩ አውሮፕላኑን ባየር ላይ አቁሜ አየሁት። ባየር ላይ ማቆም! እውነተኛ አስተማሪ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን ሊያደርግልኝ አይችልም። አሁን «አረንጓዴ» ብዬ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ መውረድ አልጀምርም።

የትምህርቱን ሌላውን ግማሽ የሰጡኝ ግን አባቴ ናቸው።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢንስትሩመንት ቴክኒሻን ነበሩ። እጃቸው የለመደው ክብ መሳሪያ ነው፤ ፈትተው፣ በብሩሽ ጠርገው፣ ገጥመው፣ ፈትነው የሚመልሱት። በግንቦት 1976 ዓ.ም. አየር መንገዱ የመጀመሪያውን ቦይንግ 767 ሲረከብ፣ አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ መጥቶ ለባለ ሁለት ሞተር ጄት ክብረ ወሰን ሆኖ ነበር። ሰዉ ሁሉ ስለ ርቀቱ ሲያወራ፣ አባባና ጓደኞቻቸው ያዩት ኮክፒቱን ነው። ስድስት ስክሪን ነበረው፤ ለእያንዳንዱ አብራሪ ሁለት ሁለት፣ መሐል ላይ ደግሞ ለሞተሩና ለማስጠንቀቂያው ሁለት። ፍጥነትና ከፍታው ግን ገና ክብ እንደነበሩ ነው። «ቴሌቪዥን ገባበት አልን» ይላሉ እስካሁን፤ ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል።

አንድ እሁድ በቪዲዮ ደውዬላቸው ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ይሄ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ፣ ፍጥነቱን እያሳዩ።

«ከኮምፒውተሩ ነዋ፣ አባባ።»

«ኮምፒውተሩስ? ለሱ ማን ነገረው?»

ዝም አልኩ። በቃል የማውቀው ነገር ነበር፤ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ግን አንድ በአንድ ልዘረዝርላቸው አልቻልኩም።

«እናቴ፣ ስክሪን ምንም አያውቅም» አሉኝ። «የሚነግሩት ሰዎች አሉ። ማን ምን እንደሚነግረው ካላወቅሽ፣ አንዱ ሲታመም ማን እንደታመመ አታውቂም።»

በማግስቱ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ኤክስ-ፕሌንን የመሰሉት ሲሙሌተሮች የብልሽት ዝርዝር አላቸው፤ የሚፈልጉትን መሳሪያ መርጠው ማበላሸት ይቻላል። አንድ በአንድ ገደልኳቸው። የአየሩን ግፊት የሚያነበውን ኮምፒውተር ሳጠፋው የፍጥነቱ ጥብጣብ ጠፍቶ በቦታው ትልቅ ቀይ ኤክስ መጣ፤ ከፍታውም፣ የመውጣትና መውረዱም እንዲሁ። አድማሱ ግን ደህና ነበር። ያንን መልሼ ኤኤችአርኤስ የሚባለውን፣ የአውሮፕላኑን አቀማመጥ የሚለካውን ስገድለው አድማሱና አቅጣጫው ሄዱ፤ ፍጥነቱና ከፍታው ቆዩ። ክንፉ ውስጥ ያለውን ማግኔቶሜትር፣ ሰሜን የት እንደሆነ የሚለየውን፣ ብቻ ሳጠፋ አቅጣጫው ብቻውን ሄደ። የግራውን ስክሪን ራሱን ስገድለው፣ በሁለቱ ስክሪኖች መሐል ያለውን ቀዩን ቁልፍ መጫን ነበረብኝ፤ ያን ጊዜ አድማሱ፣ ፍጥነቱ፣ ከፍታው ሁሉ ወደ ቀኙ ስክሪን ተሰደዱ፤ ሞተሩም በጠርዝ ተጣቦ አብሮ ተቀመጠ።

ደብተሩ ላይ የሳልኩት ሥዕል አሁንም ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው። ከግራ ሳጥኖቹ፣ ከቀኝ ስክሪኑ፣ በመሐል መስመሮች። ከሰው ሁሉ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ወረቀት ተምሬያለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን መስመር የሳልኩት ነገሩ ሲሞት አይቼ ነው።

ቀይ ኤክስ ግን ሐቀኛ ነው። «አላውቅም» ይላል። የሚያስፈራኝ «አውቃለሁ» እያለ የሚዋሸው ነው፤ እሱንም ያየሁት ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከክንፉ ሥር ፒቶ የሚባል ትንሽ ቱቦ አለ፤ አየሩ ፊት ለፊት ገብቶበት ፍጥነቱ የሚለካው በእሱ ነው። አንድ ጠዋት ከብልሽቱ ዝርዝር ይህን እንዲደፈን አደረግኩና ለመውጣት አፍንጫዬን አነሳሁ። ቀይ ኤክስ አልመጣም። ኮምፒውተሩ ግፊት እያገኘ ነው፤ የታሰረ አየር መሆኑን በምን ያውቃል? 172 በደንብ የሚወጣው በ74 ኖት ነው። ጥብጣቡ 74 አለ፤ ከፍ ባልን ቁጥር 80፣ ከዚያ 88፣ ከዚያ 95። ከጎኑ ያለችው ሐምራዊ መስመር፣ ከ6 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ የት እንደሚደርስ የምታሳየው፣ ወደ ላይ ተዘርግታለች። ሁሉም ነገር ንጹሕ፣ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ፍጥነቱን ለመቀነስ አፍንጫዬን ይበልጥ አነሳሁ። እንደገና ጨመረ። እንደገና አነሳሁ። ከዚያ የስቶል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ አውሮፕላኑ በግራ ክንፉ ተገልብጦ ወረደ። ጥብጣቡ እየወደቅንም ቢሆን ጥሩ ቁጥር ነበር የሚያሳየው።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 አትላንቲክ ላይ የጠፋው የኤር ፍራንስ ኤርባስ 330 ነገር የጀመረው ፒቶዎቹ በበረዶ በመደፈናቸው እንደሆነ፣ 228 ሰው እንዳለቀበት አንብቤ ነበር። ማንበብና በገዛ እጅ አፍንጫ ማንሳት ግን አይገናኙም። መድኃኒቱን ደጋግሜ ተለማመድኩት፦ የሞተሩን ኃይል እዪ፣ የአፍንጫውን አንግል እዪ፤ ሁለቱ ልክ ከሆኑ ፍጥነቱም ልክ ነው፤ ጥብጣቡ ሌላ ካለ ጥብጣቡን አትመኚው። ይህን እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ሊያሳየኝ የሚደፍር አስተማሪ የለም፤ ሊደፍርም አይገባም።

አባባን ለማስደሰት ብዬ አንድ ቀን ሲሙሌተሩን ቦሌ አስነሳሁት። አየሩ 20 ዲግሪ ነው። ቦሌ ከ7600 ጫማ በላይ ስለሆነ ሴስናዋ መንደርደር እንጂ መነሳት አትፈልግም። ከፍጥነቱ ጥብጣብ ሥር ያለችውን ትንሽ ሳጥን ያን ቀን ነው ልብ ያልኳት፤ እውነተኛውን ፍጥነት የምትናገረውን። ጥብጣቡ 74 ሲል እሷ 86 አካባቢ ትላለች። ሜሪላንድ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ አይቻት አላውቅም ነበር። አባባ ሳቁና፣ «ቦሌ የተማረ አብራሪ የትም አያፍርም» አሉ። አዲስ አበባ ሆነው የአብራሪነት ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያጠኑ የዘመድ ልጆች ሲጠይቁኝም የምላቸው ይሄን ነው፦ ፍላይትጊርን ጫኑ፣ ቦሌ ላይ ተቀመጡ፣ ያቺን ሳጥን ከጥብጣቡ ጋር አስተያዩ።

ጠረጴዛው የጎዳኝም ነገር አለ፤ አልደብቀውም። ክረምቱን ከሲሙሌተሩ ጋር ስለከረምኩ፣ መጋቢት ላይ ጥርት ባለ ቀን ስንበር አስተማሪዬ፣ «ውጭ እዪ እንጂ!» እያለ ሦስት ጊዜ ተቆጣኝ። ሰማዩ ሁሉ እያለልኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አድማስ ነበር የማየው። በመጨረሻ ከወንበሩ ኪስ የበረራ ካርታ አውጥቶ የግራውን ስክሪን ሸፈነው፤ ሩብ ሰዓት እንዲያው በርኩ። ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠራ አየር በረራ ጠረጴዛው ላይ አልለማመድም፤ እዚያ የምሠራው የመሳሪያ በረራና የቁልፍ ሥራ ብቻ ነው።

አየሩ ሲያንገላታ ደግሞ ማዞሪያዋን መያዝ ራሱ ጥበብ ነው። አውራ ጣትን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ በሁለቱ ጣቶች ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አንዱ ንጥቂያ ሦስት ፊደል ያሳልፋል። የወጥ ቤት ጠረጴዛ አይንገላታም። ፀሐይም ስክሪኑ ላይ አትወድቅም። የበረራ መረጃው በየ28 ቀኑ ስለሚታደስ ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው የነጥብ ስም አውሮፕላኑ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ሌላም አለ፦ እውነተኛው ጂ1000 ላይ የግራው ስክሪን ከሞተ የመጀመሪያው ሬዲዮም አብሮት ይሄዳል፤ እኔ የምጠቀምበት ሲሙሌተር ግን ሬዲዮው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ያወራል። ያንን ያገኘሁት ማንዋሉን ሳነብ ነው። ማንዋሉ ከላፕቶፑ ጎን ተከፍቶ ካልተቀመጠ ሲሙሌተር ብቻውን አይታመንም።

ሚያዝያ ላይ ወደ ፍሬድሪክ ተመለስን። ያው መነጽር፣ ያው 3000 ጫማ። ተቆጣጣሪው ሌላ ሰው ነበር፤ አፕሮቹን ግን እሱም ቀየረብኝ። እጄ ሄደ። ፕሮሲጀር፣ ትንሿን፣ አስገቢ፤ ወደ አድማሱ፤ ከፍታ ልክ ነው፤ ቬክተር፣ አስገቢ፣ ጫኚ፤ ወደ አድማሱ፤ ፍሪኩዌንሲው ገብቷል፤ መርፌው... «አረንጓዴ» አልኩ ጮክ ብዬ። ከፍታው 20 ጫማ ብቻ ነው የተነቃነቀው። አስተማሪዬን በጎን ሳየው በመስኮቱ ወደ ታች፣ ገና ማበብ ወደጀመሩት ዛፎች ያያል።

ማታ ለአባባ ደወልኩ። ደስታዬን ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ክቦቹንስ አየሻቸው?»

ባለ ጂ1000ው ሴስናችን ላይ ከስክሪኖቹ ሥር ሦስት ትናንሽ ክብ መሳሪያዎች ለክፉ ቀን ተቀምጠዋል፦ ፍጥነት፣ አድማስ፣ ከፍታ። አባባ ከአውሮፕላኑ ሁሉ የሚወዱት እነሱን ነው።

«አይቻቸዋለሁ። ከፍታው ከስክሪኑ 40 ጫማ ያንሳል።»

«ለምን?»

አሰብኩ። የዕለቱን የአየር ግፊት፣ 30.06፣ ስክሪኑ ላይ አስገብቼዋለሁ። ክቡ ላይ ግን ለብቻው ማስገባት ነበረብኝ። እሱ ከትናንት 30.02 ላይ እንደቆመ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያቺን ክብ አጉልቼ አይቻት አላውቅም፤ አንድም ቀን።

«ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው ያስገባሁት፤ ግፊቱን ክቡ ላይ አላስገባሁም፣ አባባ።»

«ጻፊው» አሉኝ።

ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ለጥፌዋለሁ፦ «ግፊት፤ ስክሪን፤ ክብ።» ነገ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ የማደርገው የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው።